ንጹሕ ሆነህ ና

ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በር ጠብቄአለሁ፤ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ጤና ጣቢያ። ስቀጠር የዚያን ጊዜው አስተዳዳሪ ሦስት ነገር በዚህ በር እንዳይገባ አለኝ፤ ስለት፣ ውሻና ሰካራም። ስለቱን በእጄ ፈትሼ አገኘዋለሁ። ውሻውን በዱላዬ እመልሰዋለሁ። ሰካራሙን ግን የማውቀው በአፍንጫዬ ነበር።

መጠጥ የምወድ ሰው አይደለሁም። ለበዓል አንድ ብርጭቆ ጠላ ከቀመስሁ ይበቃኛል። ስለዚህም ነው መሰል ሽታው የማያመልጠኝ። ጠላ የጠጣ ሰው ትንፋሹ እንደ ረጠበ ጌሾ ነው፤ ቀርቦ ካልተናገረ አይታወቅም። የዳጉሳ አረቄ ግን ከሰውየው ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ነርሶቹ «አባባ፣ የእርስዎ አፍንጫ እኮ ከላቦራቶሪው ይበልጣል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከሁሉ ይልቅ የሚመርረኝ ያ ደስታዬ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ዓሣ አጥማጅ ነበር። በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። በደንገል ታንኳ ጀምሮ በኋላ ሞተር ጀልባ ካላቸው ሰዎች ጋር ይሠራ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ነው ውኃ ላይ የሚወርዱት። የጣናን የንጋት ብርድ ያልቀመሰው አያውቀውም፤ ከልብስ አልፎ አጥንት ያገኛል። እናም ከመውረዳቸው በፊት አንድ አንድ መለኪያ አረቄ ይጨልጣሉ፤ «ብርድ መስበሪያ» ይሉታል። ሲመለሱ ደግሞ መረቡ ከያዘ ለደስታ፣ ካልያዘ ለብስጭት። እምቦጩ ሐይቁን ካለበሰው ወዲህ መረቡ ዓሣውን ትቶ አረም እየጎተተ ይወጣ ጀመር። ብስጭቱ በዛ፣ መለኪያውም በዛ።

ሚስቱን ከቀበረ በኋላ ተመረመረና ቫይረሱ በደሙ ተገኘ። ብዙ ሰው ዘመድ እንዳያየው ብሎ መድኃኒቱን ከሌላ ሰፈር፣ አንዳንዱም ከሌላ ከተማ ሄዶ ይወስዳል። እሱ ግን እኔ ከምጠብቀው ግቢ ጀመረ። «ወንድሜ በር ላይ ቆሞ እኔ የሰው በር ላይ ልንከራተት?» ነው ያለኝ። ቀጠሮው ሲደርስ ከበሩ ፊት ቀጥ ብሎ ይቆምና እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «እንደምን አደሩ ጌታው፤ ይፈትሹኝ እንጂ! የደበቅሁት መድፍ አለ» ይለኛል። ሰልፈኛው ይስቃል። እኔም ኪሱን ዳበስ ዳበስ አድርጌ አስገባዋለሁ። ለቀጠሮው ቀን ብሎ ከዋዜማው ጀምሮ ስለማይቀምስ አፉ አይሸትም ነበር።

አንድ እሑድ ቤቱ ሄድሁ። ብቻውን ነው የሚኖር፤ ከሐይቁ ዳር አንዲት ክፍል። ኮቱን ከምስማሩ ላይ ሳወርድለት ከኪሱ ብልቃጥ ተንኳኳ። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ነው። ቀጠሮው ሊደርስ ቀናት ቀርተውታል፤ ብልቃጡ ግን ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።

«ይህ ለምን አላለቀም?» አልሁት።

«አላለቀማ።»

«ትውጠዋለህ ወይስ ታስቀምጠዋለህ?»

ተቆጣ። ቁጣው የኩራት ነበር። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ እንደነዚያ ዝርክርኮች አልቀላቅልም። መጠጥና መድኃኒት አይስማሙም ብለው አስተምረውኛል። የጠጣሁ ቀን ኪኒኑን በእጄም አልነካው፤ ያልጠጣሁ ቀን በሰዓቱ እውጣለሁ።»

«ያልጠጣህበት ቀን መቼ ነው?»

ሳቀና ራሱን አከከ። «ስቅለት።»

እኔም አብሬው ሳቅሁ። ነገሩ የገባኝ ኋላ መንገድ ላይ ስመለስ ነው። መድኃኒቱን ያከበረ መስሎት መድኃኒቱን ትቶታል።

በማግሥቱ መድኃኒቱን የምትሰጠውን ሲስተር ፈልጌ ነገርኋት። ጥሩ ሴት ናት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባቴ፣ ጠጥቶም ቢሆን ይዋጠው! ማን ነው ተወው ያለው?»

«አይስማሙም ብላችኋል አሉ።»

ካርዶቹን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ «እንዲህ ያለው እሱ ብቻ አይደለም» አለችኝ። «ስንቱ ደብቆ ያቋርጣል። ትጠጣለህ ወይ ስንለው፣ ኧረ ትቼአለሁ ይለናል። እኛም ጎበዝ ብለን እንጽፍለታለን።»

«ታዲያ መጠጡ ራሱስ የት ነው የሚታከም?»

በዚያ ግቢ ለሳል ክፍል አለ፣ ለነፍሰ ጡር ክፍል አለ፣ ለዚያኛው በሽታም ክፍል አለ። ለመጠጥ ያለው ግን «ተው» የሚለው ቃል ነው። እሱም በየክፍሉ በነፃ ይታደላል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል እንዳይልኩት፣ እዚያ የሚታየው በአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነው፤ «አበደ» እንዳይባል የሚፈራው ሰው ወረቀቱን ይዞ ይወጣና ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ያልቃል። ሲስተር ይህን ሁሉ ነገረችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሁን ግን አንድ ሥልጠና ወስዶ የመጣ ልጅ አለ። ረቡዕ ረቡዕ ከመጋዘኑ አጠገብ ባለችው ክፍል የሚጠጡትን ማየት ጀምሯል። ለእኛ ታካሚዎች ተብሎ የመጣ ነው። እዚያ ያምጡልኝ።»

ወንድሜን ሁለት ወር ለመንሁት። «ምን ይሉኛል?» ይላል። «ያኛውን በሽታ እሺ፣ ከእግዜር የመጣ ነው ብለው ያዝኑልኛል። ይኼኛውን ግን ከራሱ ጉሮሮ ያመጣው ነው ብለው ነው የሚስቁብኝ።» በመጨረሻ ያሸነፈው የእኔ ልመና አልነበረም። አንድ ቀን መረብ ሲጠግን እጁ እየተንቀጠቀጠ ቋጠሮ እንቢ አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቋጥረው ቋጠሮ! ያን ቀን መጥቶ «እሺ፤ ረቡዕ እመጣለሁ» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ሰኞ አንድ የጠጣ ሰው ገብቶ የካርድ ክፍሉን መስታወት ሰበረ። እኔ ነበርሁ ያስገባሁት፤ ቁስሉ እየደማ ስለመጣ አዘንሁለት። አስተዳዳሪው ጠርቶኝ፣ «ከእንግዲህ አንድ የሸተተ ሰው ካለፈ ከእርስዎ ነው የማየው» አለኝ። በዕድሜው የልጄ እኩያ ነው። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ረቡዕ ሆነ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ወንድሜ ከሩቅ ሲመጣ አየሁት። ለሰርጉ ያሰፋውን ኮት ለብሷል፣ ጢሙን ተላጭቷል፣ ጫማውን አስጠርጓል። ደስ አለኝ። ከዚያ ነፋሱ ወደ እኔ ዞረና አረቄው ከእሱ ቀድሞ ደረሰ።

ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «አንዲት ብቻ ናት» አለኝ። «እጄ እንዲቆምልኝ ነው። እየተንቀጠቀጥሁ ሐኪሙ ፊት ልቀመጥ አፈርሁ፣ ወንድም ጋሼ።»

ከኋላው ልጅ ያዘለች ሴት ሰማችው። «ወንድምየው ነው! እኛን በፀሐይ አቁሞ ሲፈትሽ ውሎ የሸተተ ዘመዱን ሊያሳልፍ ነው!»

ሌላው ተቀበላት። «ሊታከም ነው ወይስ ሊጋብዘን?»

ሰልፉ ሳቀ። እኔም ግቢውን ዞር ብዬ አየሁ፤ አስተዳዳሪው በረንዳው ላይ ቆሟል። እጄን ደረቱ ላይ አደረግሁና «ሂድ» አልሁት።

«ወዴት?»

«ወደ ቤትህ። የሸተተ አይገባም፤ ሕጉን ታውቀዋለህ።»

መጀመሪያ የቀለድሁ መስሎት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። «ይፈትሹኝ እንጂ ጌታው!» እንዳልቀለድሁ ሲያይ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። «እኔ እኮ የመጣሁት ለዚሁ ነው» አለኝ። «ወባ የያዘውን ሰው ትኩሳትህን እቤትህ ትተህ ና ትለዋለህ?»

ሰልፉ አሁንም ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ በእኔ ላይ ነበር። መልስ የሌለው ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። «የዛሬ ሳምንት ንጹሕ ሆነህ ና!» አልሁት። «እስከዚያ አንዲት ጠብታ እንዳትቀምስ። ሱባዔ ገባሁ በል።»

«ሰባት ቀን?»

«ሰባት ቀን። ማልልኝ።»

የበሩን ብረት ጨበጠ። «በእናታችን ዐፅም» አለ።

በእኛ ቤት በእናታችን ዐፅም የማለ ሰው መሐላውን አያፈርስም። አባታችን በመጠጥ ብዙ ያሠቃያት ሴት ነበረች፤ በእሷ ስም ቀልድ የለም። ስለዚህ ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሄድ ጎሽ፣ በጀኝ አልሁ። ከመሐላ የበለጠ ምን መድኃኒት አለ ብዬ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ብቅ አልሁ። ላብ አጥምቆታል፤ ሸሚዙ ከገላው ተጣብቋል። ግን ደስተኛ ነበር። ብልቃጡን አውጥቶ አሳየኝ። «አየህ፣ ስላልጠጣሁ ኪኒኑን በሰዓቱ ዋጥሁት» አለኝ። ግንባሩን ስሜው ወጣሁ።

ዓርብ ከበሩ ላይ አንዲት ሴት ጠብቃ አገኘችኝ። የሰፈሩ አረቄ ሻጭ ናት፤ ወንድሜ ዕድሜውን የጨረሰው እሷ ቤት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ጋሼ፣ አይቆጡኝ» አለች። «ወንድምዎ ደኅና አይደለም። እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ ቤቴ ብዙ አይቻለሁ። ወይ አንዲት መለኪያ ይቅመስ፣ ወይ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይግባ። እንዲሁ ከተተወ ይጥለዋል።»

«ገበያሽ ቀዘቀዘብሽ?» አልኋት።

«ኧረ በሞቴ ጋሼ—»

«ሂጅ ከፊቴ! ሰይጣን ሱባዔ ሲያይ ነው የሚታወከው።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ሄደች። ከዚያች ሴት በቀር እውነቱን የነገረኝ ማንም አልነበረም። እኔም እንደ ውሻ አባረርኋት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረስሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። መረብ ግን የለም። ጣቶቹ በባዶ አየር ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይቋጥራሉ፤ ከንፈሩ ላይ መርፌ እንደያዘ ሰው በጥርሱ ነው የሚናገር። ሲያየኝ አልደነገጠም።

«ወንድም ጋሼ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ» አለኝ። «አምባዛው ቀዶታል።»

ምን ላድርግ? ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁና እጄን ዘርግቼ ያዝሁለት። የሌለውን መረብ። «ጠበቅ አድርገህ» ይለኛል፤ ጠበቅ አደርጋለሁ። «ላላ» ይለኛል፤ አላላለታለሁ። ወለሉ ላይ ዓሣ ሲንፈራገጥ እያየ እግሩን ያነሣል። እጁ ግን ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ እያለበት ቋጠሮውን አልሳተም። እንዲህ ሆነን ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ዓይኑ ወደ ላይ ተገለበጠና ወደ ጎን ወደቀ፤ መላ አካላቱ ይወራጭ ጀመር።

ጮህሁ። ጎረቤት ሞላ። «ለክፎት ነው!» አሉ። «ከሐይቅ የተያዘ ነው፤ ጠበል! ጠበል!» እኔ የጤና ጣቢያ ዘበኛ ነኝ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሰው ታሞ ሲመጣ አይቻለሁ። ቢሆንም እነሱ ጠበል ሲሉ እኔም ጠበል አልሁ። ሱባዔ ብዬ የጀመርሁትን በጠበል ልጨርሰው ፈለግሁ መሰለኝ። በባጃጅ ጭነን ወሰድነው። ቀዝቃዛ ውኃ ወረደበት፤ ቅዳሜ ወረደበት፣ እሑድ ጠዋትም ወረደበት። እሑድ የሚያጠምቁት አባት መስቀላቸውን አሳልመውት እጃቸውን ግንባሩ ላይ አኖሩ። ዞረው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ ሰው እንደ እሳት ይነዳል። ጠበሉ ሐኪም አትሂዱ አላለም። ምን ትጠብቃላችሁ?»

ያን ጊዜ ነው ሆስፒታል የወሰድነው።

የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። ምን ይጠጣ እንደነበር፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ፣ መቼ እንዳቆመ ጠየቀኝ። «ረቡዕ» አልሁት። ወረቀቱን ትቶ ቀና አለ። «በአንድ ጊዜ? ምንም ሳይሰጠው?» አለ። ረጅም ዘመን በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ማቆሙ ራሱ ሊገድለው እንደሚችል፣ አስተኝተው፣ መድኃኒት ሰጥተው፣ እየተከታተሉ እንደሚያስቆሙት አስረዳኝ። ድምፁን አላነሣብኝም። «ቀድሞ ቢመጣ ይቻል ነበር» አለ። «ማን ነው አቁም ያለው?»

«ሰዎች ናቸው» አልሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አረፈ።

ረቡዕ ቀበርነው። «የዛሬ ሳምንት» ያልሁት ረቡዕ ነው። ከቀጠሮው አልቀረም፤ ንጹሕ ሆኖ፣ በነጭ ተጠቅልሎ ነው የሄደው። ሐዘን ሊደርሱን የመጡ ሰዎች ንፍሮ እየቆረጠሙ ያጽናኑኛል። «ደግነቱ መጠጡን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነው የሞተ» ይሉኛል። «ንስሐ ነው። እግዜር ሲወደው ነው።» አረቄ ሻጯ ከበሩ አጠገብ፣ ከሰው ርቃ ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «እግዜር ያጥናዎ ጋሼ» ብላኝ ሄደች።

ወደ በር ጥበቃዬ ተመለስሁ። የወንድሜን ስልክ አልዘጋሁትም፤ ዓሣ የሚገዙት ደንበኞቹ ሲደውሉ መሞቱን እነግራለሁ እያልሁ በኪሴ ይዤው እዞር ነበር። ወር አልፎ አንድ ጠዋት ሰው እየፈተሽሁ ጠራ።

«ሄሎ አባቴ» አለች የሴት ልጅ ድምፅ። «ከጤና ጣቢያ ነው። ቀጠሮዎ አልፏል እኮ፤ ምነው ጠፉብን?»

ድምፁ በሁለት በኩል ነበር የሚሰማኝ፤ በስልኩና በግቢው። አዲስ የተመደበች ልጅ ናት፤ ቀጠሮ ያለፈባቸውን እየደወለች ትፈልጋለች። የወንድሜን ካርድ የዘጋው ሰው አልነበረም። እኔም ገብቼ ዝጉት አላልሁም።

«ልጄ፣ ባለስልኩ አርፏል» አልኋት። «ሳይመጣ ቀርቶ አይደለም። መጥቶ ነበር፤ በር ላይ ተመለሰ።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር!» አለች። «ማን ነው የመለሳቸው?»

«በመስኮትሽ ወደ በሩ ተመልከች» አልኋት።

መጋረጃው ተነሣ። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ አየችኝ። እጄን ከፍ አደረግሁላት።

ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ከዚያ ሲስተርን ይዛ ወደ አስተዳዳሪው ገባች። እኔም ተጠርቼ የሆነውን ሁሉ፣ «ሰዎች ናቸው» ያልሁትን ሳይቀር ተናገርሁ። አስተዳዳሪው «ለበሩ ትእዛዝ ይጻፋል» አለ። ለመጻፍ ወራት ፈጀ። ሲመጣ ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ነበር፤ ረቡዕ ለመጠጥ ሕክምና የሚመጡ ሰዎች፣ ሽታ ቢኖርባቸውም፣ ሳይመለሱ ይግቡ ይላል። በሩ ላይ ለጠፍሁት፤ በገዛ እጄ።

ወረቀቱ ሲለጠፍ ያ ሥልጠና የወሰደው ልጅ ሄዷል። ሥራውን ያመጣው ፕሮጀክት አለቀ ተባለ። ከመጋዘኑ አጠገብ ያለችው ክፍል ካርቶን ተሞልታ ተቆልፋለች።

ሰው ግን ወረቀቱን አንብቦ ይመጣል። ረቡዕ ረቡዕ ይመጣሉ፤ ፊታቸውን ታጥበው፣ ደኅና ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሽታቸው እየቀደማቸው። ልክ እንደሱ። በሩን ወለል አድርጌ እከፍትላቸዋለሁ። አግዳሚው ላይ፣ ከተቆለፈው ክፍል ፊት ተቀምጠው ይቆያሉ። ከዚያ አንዱ ነርስ ወጥቶ የለም ይላቸዋል። ሲወጡ በእኔ በኩል ነው የሚያልፉት።

«አባባ፣ እንግዲህ የዛሬ ሳምንት ልምጣ?» ይለኛል አንዱ።

የዛሬ ሳምንት የሚለው ነገር ከአፌ አይወጣም። እጁን ይዤ አያለሁ። ከተንቀጠቀጠ፣ «በራስህ ብቻ እንዳታቆመው» እለዋለሁ። «ከማንም ጋር እንዳትማማል። ኪኒን የምትውጥ ከሆነም ጠጥተህም ቢሆን ዋጥ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነው የሚኬድ፤ ክፍሉን አሳይሃለሁ። እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ፈረቃዬን አስረክባለሁ። እዚያች የዛፍ ጥላ ሥር ጠብቀኝ፤ አብሬህ እሄዳለሁ።»

አንዳንዱ ይጠብቀኛል። ስድስት ሰዓት ላይ ስወጣ ጥላዋ ሥር ማንም የማላገኝበት ቀን ግን ይበዛል።